በአባባ ገመቹ ስም የተቀመጠው ድምፅ

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለባለቤቴ አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴም አልነገርኳቸውም። በየዓመቱ ዐቢይ ጾም ሲገባ እሳቸው ዘንድ እሄዳለሁ፤ መዋሸቴን፣ ሰው ማማቴን፣ ጾም መግደፌን አንድ በአንድ እናገራለሁ፤ እዚህኛው ጋ ስደርስ ዘልዬው አልፋለሁ። እንዴት ብዬ አስረዳቸዋለሁ እያልኩ ራሴን አታልል ነበር። «አባቴ፣ አንድን ፋይል በሌላ ፋይል ተክቻለሁ» ብላቸው ምን ያህል ስግደት ያዙኛል? በየትኛው ትእዛዝ ሥር ይመድቡታል? ሐቁ ግን ይህ አይደለም። ነገሩ በደንብ እንደሚገባቸው ስለማውቅ ነው የዘለልኩት።

ስለዚህ ለእናንተ ልናገር። አታውቁኝም፣ አላውቃችሁም። ለፈሪ ሰው እንዲህ ይቀለዋል።

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ኦሎምፒያ አካባቢ አንድ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ቢሮ በነበረው፣ አሁን በሌለ ትንሽ ድርጅት ውስጥ ድምፅ ሰብሳቢ ነበርኩ። ድምፅ ሰብሳቢ ነኝ ስል የምርጫ ሥራ የሚመስላቸው ሰዎች ነበሩ። የምሰበስበው ግን ከጉሮሮ የሚወጣውን ድምፅ ነው። ድርጅቱ የሰውን ድምፅ በስልክ ቀድቶ የጉሮሮ በሽታ ምልክት ያለበትንና የሌለበትን የሚለይ ፕሮግራም ይሠራ ነበር። ሐሳቡ ቀላል ነው። ጉሮሮው የታመመ ሰው ድምፁ ይለወጣል፤ የሰው ጆሮ ያልያዘውን ለውጥ ማሽኑ ይይዘዋል። ሐኪም ቤት መሄድ ያልቻለ ወይም የፈራ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ይመረመራል። ምልክት ከተገኘበት ከአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ እንዲሄድ፣ ካልተገኘበት ደግሞ እንዳልተገኘበት የሚገልጽ መልእክት በስልኩ ይደርሰዋል። ጥሩ ሐሳብ ነበር። አሁንም ጥሩ ሐሳብ ነው ብዬ አምናለሁ፤ የበደልኩት እኔ ነኝ፣ ማሽኑ አይደለም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ተመርማሪው ሦስት ነገር ያደርጋል። መጀመሪያ በአንድ ትንፋሽ የቻለውን ያህል «አ» ይላል። ቀጥሎ ከአንድ እስከ ሃያ ይቆጥራል። በመጨረሻ ስለ ልጅነቱ አንድ ደቂቃ ያህል ያወራል። ዙሪያው ጸጥ ማለት አለበት። የሁለተኛ ሰው ድምፅ ከገባበት ስልኩ ላይ ቀይ መስመር ይመጣና ቅጂው ተቀባይነት ያጣል። እንግዲህ ዝም ያለ ቤት አዲስ አበባ ውስጥ የት ይገኛል? ግማሹ ሥራዬ ጎረቤት ሬዲዮ እንዲቀንስ መለመን ነበር።

በዚያ ዓመት ጥቅምት ላይ ዕድሜያቸው ከስልሳ በላይ የሆኑ ሰዎችን እንድቀዳ ቦሌ አራብሳ ተላክሁ። ለሊሴን ያገኘኋት እዚያ ነው። ከኮንዶሚኒየሙ ሥር በተከራየቻት ሱቅ ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። የለጠፍነውን ማስታወቂያ አንብባ ራሷ ደወለችልኝ። እናቷ ካረፉ ቆይተዋል፤ አባቷ አባባ ገመቹ አብረዋት ይኖራሉ። ድምፃቸው ከፍልሰታ ጀምሮ ጎርንኗል። ዝንጅብሉም፣ ዳማከሴውም፣ ጠበሉም ተሞክሯል። ሐኪም ቤት እንሂድ ስትላቸው «ሐኪም ቤት የገባ ሰው በሽታ ሳይሰጡት አይወጣም» እያሉ እንቢ ብለዋታል። ስልክ ግን አይፈሩም። «በስልክ ከሆነ እሺ ብለዋል» አለችኝ። ደስታዋ ከድምፅዋ ይሰማ ነበር።

አባባ ገመቹ የአገሩ ተወላጅ ናቸው። ሕንፃዎቹ የቆሙበት መሬት ድሮ የእሳቸውና የጎረቤቶቻቸው እርሻ ነበር። አሁን የሚኖሩት ከየአገሩ ዕጣ ደርሶት በመጣ ሰው መካከል ሲሆን፣ ያ ሰው ሁሉ ሲጣላ የሚያስታርቁት እሳቸው ናቸው። ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ ጠብ አይጠፋም። ባልና ሚስት፣ ከላይ ፎቅና ከታች ፎቅ፣ አከራይና ተከራይ፣ ሁሉም እሳቸው ፊት ይቆማል። ፍርዳቸው አጭር ነው ይባላል። ምርቃታቸው ግን ረጅም ነው። ሰው የሚታረቀው ለፍርዱ ሳይሆን ለምርቃቱ ነው እያሉ ያሾፉባቸዋል። የእሳቸው ሀብት ድምፃቸው ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

የሄድኩት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ኮሚናል በሚባለው የነዋሪዎች የጋራ ቤት ውስጥ ሁለት ጎረቤቶችን አስታርቀው ሲያበቁ ደረስኩ። አሥራ አምስት የሚሆን ሰው ተቀምጧል። ወደ ቤት እንግባ ማለት ነበረብኝ። መመሪያችንም እንዲያ ይል ነበር። ሰው ሁሉ ስልኩን ለማየት ጓጉቶ ስለነበር ግን እዚያው እንሞክረው አልኩ፤ ለሊሴም ዝም በሉልን ብላ አስጠነቀቀች። እሳቸው ስልኩን እንደ ዕቃ አላዩትም። ፊት ለፊታቸው ሳስቀምጠው ነጠላቸውን አስተካከሉና እጃቸውን ዘረጉ።

«አባባ፣ አሁን አ ይበሉ፣ እስኪበቃዎት ድረስ» አልኳቸው።

«ሳልመርቅ ነው አፌን የምከፍተው?» አሉኝ። ቁጣ አልነበረውም። ያለ ምርቃት ነገር እንደማይጀመር ለማያውቅ የከተማ ልጅ ማስረዳታቸው ነበር።

ከዚያ መረቁ። ቂም ይውጣ አሉ፤ ቤቱ አሜን አለ። ፍቅር ይግባ አሉ፤ ቤቱ አሜን አለ። የወለዳችሁት ይደግ፣ የዘራችሁት ይብቀል፣ ውኃው ሳይቋረጥ ይምጣ። በውኃው ላይ ሳቅና አሜን ተደባለቀ። ከዚያ በኋላ «አ» አሉ፣ በኦሮምኛ ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ እያሉ እስከ ሃያ ቆጠሩ፣ ጤፍ ማሳ ላይ ወፍ ሲጠብቁ ስላደጉበት ዘመንም አወሩ። ሲጨርሱ ቀይ መስመር መጣ። ከአንድ ሰው በላይ ድምፅ ተገኝቷል። ደግመን ሞከርን። ደግመው መረቁ፤ ቤቱ ደግሞ አሜን አለ። ዝም እንዲሉ የተነገራቸው ሰዎች ናቸው፤ ሽማግሌ እየመረቀ ዝም የሚል ግን ማን አለ? ዝም ማለት ምርቃቱን አልቀበልም ማለት ነው። ሦስተኛውም እንደዚያው ሆነ።

መፍትሔው ቀላል ነበር። የለሊሴ ቤት ሃያ እርምጃ ላይ ነው። እሳቸውን ብቻ ወደ ጓዳ አስገብቼ፣ በሩን ዘግቼ፣ ምርቃቱን ራሴ ተቀብዬ አሜን ብዬ፣ ከዚያ በኋላ ቅጂውን ብጀምር አሥር ደቂቃ አይፈጅም ነበር። ለምን አላደረግኩትም? ለኳስ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ጨዋታ ነበር። ኢምፔሪያል አካባቢ እኛ ሰፈር ኳስ በሚታይበት ቤት ጓደኞቼ ቦታ ይዘውልኝ ነበር። ከአራብሳ መገናኛ ያለውን የአውቶቡስ ሰልፍ ደግሞ የሚያውቀው ያውቀዋል። ብዙ ጊዜ ትልቅ ጥፋት ትልቅ ምክንያት ያለው ይመስለናል። የኔ ምክንያት ኳስ ነበር፤ ማን ከማን እንደተጫወተ እንኳ ዛሬ አላስታውስም።

ለለሊሴ «ተቀድቷል፣ ውጤቱ በሦስት ቀን ይደርሳችኋል» አልኳት። የመጀመሪያው ውሸት ይሄ ነው።

አውቶቡሱ ውስጥ ቁጭ እንዳልኩ ሦስቱን ቅጂዎች አጠፋኋቸው። ተቆጣጣሪያችን የተበላሸ ቅጂ ሲበዛባት ትነጫነጭ ነበርና እንዳታይብኝ ብዬ ነው። አንዷን እንኳ አላስቀረሁም። በጣቴ ጫንኩ፣ ስልኩ «ይጥፋ?» ብሎ ጠየቀኝ፣ አዎ አልኩት። ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ፣ ሦስት ጊዜ አዎ አልኩት።

ሰኞ ጠዋት ቢሮ ስገባ ዝርዝሩ ላይ አንድ ባዶ ቦታ ነበረብኝ። አራብሳ ሠላሳ ሰባት፣ ወንድ፣ ስልሳ ስምንት ዓመት። ተመልሼ መሄድ እችል ነበር። ወይም «አልተሳካም» ብዬ መጻፍ እችል ነበር፤ እንዲያ ብጽፍ ማንም አይገድለኝም ነበር። እኔ ግን የሕንፃው ደረጃ ጣራው ጋ የሚያልቅበት፣ የጽዳት ሠራተኞች መጥረጊያና ባልዲ የሚያስቀምጡበት ጠባብ ቦታ ወጣሁ። በሩን ዘጋሁ። አገጬን ወደ ደረቴ ዝቅ አድርጌ ድምፄን አወፈርኩ። «አ» አልኩ። በአማርኛ እስከ ሃያ ቆጠርኩ። ስለ ልጅነት የሚወራበት ሲደርስ «ድሮ እዚህ ሁሉ ጤፍ ነበር፣ ወፍ እንጠብቅ ነበር» አልኩ። ተወልጄ ያደግኩት ገርጂ ነው። ወፍ የጠበቅኩበት ቀን የለም። የሰውየውን ድምፅ አጥፍቼ የኔን በስማቸው አስቀመጥኩ፤ አልበቃ ብሎኝ ልጅነታቸውንም ወሰድኩ።

ስልኩ አረንጓዴ መስመር አሳየኝ። ወርጄ ማኪያቶ ጠጣሁ።

በወቅቱ ምን አስቤ ነበር? ይህን ጥያቄ ራሴን ስንት ጊዜ እንደጠየቅኩ አላውቅም። ክፉ ሐሳብ አልነበረኝም የሚለው መልስ እውነት ነው፤ የሚያኮራ መልስ ግን አይደለም። ሐሳብ አልነበረኝም፣ በቃ። እኔ የሞላሁት ቅጽ ነበር የመሰለኝ። ከቅጹ ወዲያ ማዶ አንድ ሰው ጉሮሮውን ይዞ ውጤት እንደሚጠብቅ አውቅ ነበር። አውቅ ነበር፣ አላሰብኩበትም ነበር።

ሐሙስ ለሊሴ ደወለችልኝ። «ናሆም፣ መልእክቱ ደረሰን እኮ። የሚያሳስብ ምልክት አልተገኘም ይላል» አለችኝ። እንደ ማልቀስ ያደርጋት ነበር። ቀጥላ የጠየቀችኝን ነገር ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «ጤና ጣቢያ ለምኜ ሪፈር አጽፌላቸው ነበር፣ ለሚቀጥለው ሳምንት። መልእክቱን ካነበብኩላቸው በኋላ አባ አልሄድም ብለዋል። ምን ትለኛለህ፣ ልተወው?»

እግዚአብሔር በር ከፍቶልኝ ነበር። «አይ፣ ይሂዱ» ማለት ይበቃ ነበር። ጥፋቴን መናዘዝ እንኳ አያስፈልገኝም ነበር። «ለማንኛውም ሐኪም ይያቸው» ብል ውሸቴም ተሸፍኖ፣ ሰውየውም ሄደው፣ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር። እኔ ግን ይሂዱ ካልኩ ውጤቱን ያልወደድኩት ይመስላል፣ ለምን ትለኛለች ብዬ ሰጋሁ። «ውጤቱ ጥሩ ነው እኮ። ትንሽ ድምፃቸውን ያሳርፉ» አልኳት። ሰባት ቃል ናት። ፋይሉን መተካቴ አንድ ጥፋት ነው። ሰውየውን ያስቀረቻቸው ግን ይቺ ሰባት ቃል ናት።

ለሊሴ ስልኩን ለአባቷ ሰጠቻቸው። ጎርናና ድምፃቸው መጣ፣ ባትሪው ሊያልቅበት እንደተቃረበ ሬዲዮ እየተቆራረጠ። «ኢልማ ኮ፣ ጋላቶሚ። ልጄ፣ አመሰግንሃለሁ፤ ጉሮሮዬን ያየህልኝ አንተ ነህ። እጅህ ይባረክ። አንደበትህ ይባረክ። የያዝከው ይስመርልህ።»

«አሜን» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

በመልእክቱ ግርጌ «ይህ ውጤት የሐኪም ምርመራን አይተካም» የሚል መስመር ነበረ። በዚህ መስመር ለስንት ዓመት እንደተከለልኩ ብነግራችሁ ታዝናላችሁ። ተነግሯቸዋል፣ ተጽፎላቸዋል፣ እያልኩ ኖርኩ። ያን መስመር ማን ያነበዋል? እንደማያነቡት በደንብ የማውቀው እኔ አይደለሁም እንዴ? ለሊሴ እኮ መስመሩን አልፋ ነው እኔን የጠየቀችኝ።

ክረምት ሲገባ፣ ሰኔ ላይ፣ እንደገና ደወለች። አባባ ገመቹ መዋጥ አቅቷቸዋል፣ ከስተዋል፣ ሐኪም ቤት አስገብታቸዋለች። የደወለችው ልትወቅሰኝ አልነበረም። የማውቀው ሐኪም ካለ ልትጠይቀኝ ነው። ካንሰር ነው ተብሏል። «ቀደም ብላችሁ ብትመጡ በጨረር ይሞከር ነበር አሉን። አሁን ማንቁርታቸው መውጣት አለበት፤ እንቢ ካሉ ደግሞ ትንፋሻቸውን ይዘጋዋል» አለችኝ። ከዚያ ልታጽናናኝ ሞከረች። እኔን። «እንዴት ያለ ተንኮለኛ በሽታ ነው፣ የእናንተ ማሽን እንኳ አላየውም እኮ።»

«አዎ፣ አንዳንዴ ይስታል» አልኳት። ማሽኑን አሳማሁት። ማሽኑ ደግሞ አፍ የለው፣ ዝም አለልኝ። እውነቱን ለመናገር ማሽኑ አልሳተም። የሃያ ስድስት ዓመት ጤነኛ ጎረምሳ ድምፅ ሰጡት፣ ጤነኛ ነው አለ። በትክክል መለሰ።

የእሳቸውን እውነተኛ ድምፅ ቢሰማ ኖሮ ይይዘው ነበር ወይ? ይህን ማንም ሊነግረኝ አይችልም። እኔም ላጣራው አልችልም፤ ቅጂዎቹን ያጠፋኋቸው እኔ ነኝና። ምናልባት ያኔም አልተገኘም ይል ነበር። ምናልባት ያን ምናልባት ይዤ እንቅልፍ መተኛት እችል ነበር። ግን ይህን ማወቅ የሚቻለው አንዲት ቅጂ እንኳ ባስቀር ኖሮ ነበር። ራሴን ነጻ የማወጣበትንም ነገር አብሬ ነው ያጠፋሁት።

ሐምሌ ላይ ቀዶ ሕክምናው ተደረገላቸው። ተረፉ። በአንገታቸው ላይ በተከፈተ ቀዳዳ ይተነፍሳሉ፤ ቀዳዳውን በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ይሸፍኑታል፣ ለሊሴ የሰፋችው ነው። ድምፅ ግን የላቸውም። ሹክሹክታም የላቸውም። ልጠይቃቸው አልሄድኩም። ሥራ በዝቶብኝ ነው አልኩ። ድርጅቱ ሌላ ቦታ ላይ አዲስ ዙር ሊጀምር ስለነበር ሥራ መብዛቱስ እውነት ነው። በዚያ ዙር ላይ የመጀመሪያውን ዙር ድምፆች ለፕሮግራሙ ማስተማሪያ አደረጓቸው። አራብሳ ሠላሳ ሰባትም ገባ። የስልሳ ስምንት ዓመት ጤነኛ ሽማግሌ ድምፅ እንዲህ ነው ተብሎ ማሽኑ በእኔ ድምፅ ተማረ። ያየሁት ስክሪን ላይ ነው፤ ምሳ ሰዓት ነበር፣ ወጥቼ ምሳ በላሁ።

በማግስቱ ዓመት፣ ገና እንዳለፈ፣ ለሊሴ ኦሎምፒያ ቢሮዬ ድረስ መጣች። አሳንሰሩ ስለማይሠራ አራት ፎቅ በእግሯ ወጥታለች። በእጇ የሰርግ ጥሪ ወረቀት ይዛለች። የራሷ ሰርግ ነው፣ ጥር መጨረሻ። ወንበር ሰጠኋት። ጥቂት ከተጫወትን በኋላ የመጣችበትን ተናገረች።

«አንድ ነገር ልለምንህ ነው የመጣሁት» አለችኝ። «ያን ቀን ኮሚናል ውስጥ አባን ስትቀዳቸው መርቀው ነበር አይደል? ሦስቴ ነው የመረቁት። እኔ በስልኬ አባን ቀድቼ አላውቅም። ድምፃቸው ሁሌ የሚኖር ይመስለኝ ስለነበር ነው መሰለኝ። ምርቃቱን ብትሰጠኝ ዲጄው በስፒከር ይለቅልኛል። በአባቴ ድምፅ ተመርቄ ልውጣ።»

ኮምፒውተሩ ከፊቴ ክፍት ነበር። አራብሳ ሠላሳ ሰባት ብዬ ብጽፍ ይመጣል። ብከፍትላት አንድ የገርጂ ጎረምሳ አገጩን ደረቱ ላይ ደፍቶ በአማርኛ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ሲቆጥር ትሰማለች። ወፍ እንጠብቅ ነበር ሲል ትሰማለች። ሁሉን ነገር በዚያች ቅጽበት ታውቃለች። እጄን ከቁልፎቹ ላይ አነሳሁ።

«ይቅርታ፣ ለሊሴ» አልኳት። «የግል መረጃ ስለሆነ ሕጉ አይፈቅድም። ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ሁሉም ይጠፋል።»

ሕግ። ሕግ የሚል ቃል ስሰማ ዛሬም ፊቴ ይሞቃል። አመነችኝ። አገሩ ሁሉ የማይገባው ሕግ በሞላበት ለምን አታምነኝም? «ችግር የለውም፣ አንተ ምን ታደርግ» አለችኝ። ለድካሜ አመሰገነችኝ። ከሰርጉ እንዳልቀር አደራ ብላኝ አራቱን ፎቅ ወረደች።

አልቀረሁም። ለምን እንደሄድኩ አላውቅም። ብቀር ትጠረጥረኛለች ብዬ ይሆናል። ድንኳኑ የተተከለው በሁለት ሕንፃዎች መካከል ባለው ሜዳ ላይ ነው። ከበላንና ሙሽሮቹ ሊወጡ ከተነሡ በኋላ ዲጄው ሙዚቃውን አቆመ። አባባ ገመቹ ሙሉ ነጭ ለብሰው፣ አንገታቸው ላይ ያቺን ጨርቅ አስረው፣ በዱላቸው ተደግፈው ቆሙ። አንድ ዘመዳቸው ተክቷቸው ሊመርቅ ተነሥቶ ነበር፤ በእጃቸው ምልክት አስቀመጡት። ለሊሴና ሙሽራው ጎንበስ አሉላቸው። ሽማግሌው እጃቸውን ዘረጉ፣ ከንፈራቸውንም ማንቀሳቀስ ጀመሩ።

ምንም አይሰማም። የልብሳቸው ኮሽታ ብቻ ነው የሚሰማው፣ የአየር ማስገቢያው ቀዳዳ ላይ ያለችው ጨርቅ ከፍ ዝቅ ትላለች። ከንፈራቸው ትንሽ ቆመ። በዚህን ጊዜ ድንኳኑ በሙሉ አሜን አለ። ቀጠሉ፣ ቆሙ፤ አሜን። የሚሉትን የማያውቅ ሰው እዚያ አልነበረም። ለዓመታት ሲታረቁበት፣ ልጅ ሲድሩበት፣ ቤት ሲገቡበት የሰሙት ምርቃት ነው። ቂም ይውጣ የሚለው የት ላይ እንደሆነ፣ የወለዳችሁት ይደግ የሚለው የት ላይ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። አንድ ቦታ ላይ ሰው ሳቅ አለ። ውኃው ጋ ደርሰዋል ማለት ነው። እኔም ዐወቅኩት። ሦስት ጊዜ ሰምቼዋለሁ።

አሜን ማለት አቃተኝ። በዚያ ድንኳን ውስጥ ዝም ያልኩት እኔ ብቻ ነኝ። ከምርቃቱ በኋላ ሰው ሁሉ ጉልበታቸውን እየሳመ ሲያልፍ እኔም ተሰለፍኩ። ለዩኝ። ጭንቅላቴን በሁለት እጃቸው ያዙና ግንባሬን ሳሙኝ። አፋቸውን ከፍተው የሆነ ነገር አሉኝ፣ ረዘም ያለ ነገር። ምን እንዳሉኝ አላውቅም። ቀና ብዬ «እርስዎ ይባረኩ፣ አባባ» ብያቸው አለፍኩ።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ዓመት ሊሞላ ነው። ድርጅቱ ተዘግቷል፣ እኔ ሌላ ሥራ ይዣለሁ፣ አግብቻለሁ። አባባ ገመቹ በሕይወት አሉ። ጠብ ሲነሣ ዛሬም ይጠራሉ አሉ፤ ቁጭ ብለው ያዳምጣሉ፣ ነገር ያጣመመውን ሰው አተኩረው ያዩታል፣ ሰውየው ራሱ አቃንቶ ይናገራል። ይህን ሰምቼ ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ ደስ ሊለኝ ምን መብት አለኝ ብዬ አፈርኩ። ሐኪምም ቢሆን፣ ቀድመው ቢመጡም ድምፃቸው መትረፉን በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም ይላል። ይበል። እኔ በዚህ አልጠለልም። በሽታውን እኔ አላመጣሁትም፤ ዕድላቸውን ግን የወሰድኩት እኔ ነኝ፣ ለኳስ ብዬ።

እናንተን ይቅርታ አልጠይቅም። የበደልኩት እናንተን አይደለም፣ ብትምሩኝም ምሕረታችሁ የትም አያደርሰኝም። ይህን የጻፍኩት ልታነበው የሚገባት አንዲት ሴት ስላለች ነው። የፊታችን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አራብሳ እሄዳለሁ ብያለሁ፤ ከዚህ ቀደምም ብዙ እሑድ እንዲህ ብዬ ቀርቻለሁና ቃሌን አትመኑ። ስለዚህ ብቀር እንኳ ጽሑፉ ይደርሳት ዘንድ እዚህ አስቀምጬዋለሁ።

ለሊሴ፣ እንደዚያ የሚል ሕግ የለም። ሦስት ጊዜ መርቀው ነበር፣ ሦስቱም በእጄ ነበሩ፣ ያጠፋኋቸው እኔ ነኝ።